የደበዘዘ የፊት መብራት፦ ብርጭቆ ወረቀቱ ስንት ቁጥር ላይ ይቁም?

ባለሴዳን

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ስለ አንድ አሮጌ ሴዳን የፊት መብራት ነው። ሁለቱም ፕላስቲኮች ቢጫ ሆነዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው የላይኛው ግማሽ ደግሞ ጭራሽ ነጥቷል። የግራው ላይ አንድ ስስ ነገር ተላጦ ተነስቷል፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይጠራል፤ ሳምንታት ሳይቆይ ግን ወደነበረበት ይመለሳል። ማታ ብርሃኑ ደካማ ነው።

ማወቅ የምፈልገው፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ከስንት ቁጥር ጀምሬ ስንት ላይ ላቁም? አንዱ 1000 ይላል፣ ሌላው 3000። ማሽን ግድ ነው ወይስ በእጅ ይሆናል? መብራቱስ መፈታት አለበት? ከጠራ በኋላ ምን ይቀባ?

ቀለም_ክፍል

1000 ያለህም 3000 ያለህም አልተሳሳቱም (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፤ የሚለያቸው መጨረሻ ላይ የሚቀባው ነገር ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛትህ በፊት የምትቀባውን ወስን። ክሊር (ቀለም አልባ ግልጽ የመኪና ቅብ) የምትነፋ ከሆነ 800 ወይም 1000 ላይ ትቆማለህ። በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ ከሆነ እስከ 3000 ሄደህ በፖሊሽ ታበራዋለህ። ሁለቱን ካደባለቅህ ሥራው ይበላሻል፤ ተሞልጮ ባበራ ፕላስቲክ ላይ የተነፋ ክሊር የሚይዝበት ስለሌለው ከጠርዙ ጀምሮ ይገፈፋል፤ 1000 ላይ የቆመ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ሰም ብትቀባ ጭረቱ ሁሉ እንዳለ ይቀራል።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ነው። ጠጠር ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም፣ ግን ለጭረት ለስላሳ ነው፣ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይጎዳዋል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው ላዩን ከፀጉር በብዙ በሚቀጥን ጠንካራ ልባጥ ይሸፍነዋል። ከዓመታት በኋላ ልባጡ ይሰነጣጠቅና ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክም ቢጫ ይሆናል። የግራው ላይ በጥፍር የሚፈረፈረው እሱ ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ስስ ፈታጊ ዱቄት ስላለ የላይኛውን ቆሻሻ ያነሳል፤ የጠፋውን ልባጥ ግን አይተካም። ራቁቱን የቀረ ፖሊካርቦኔት ደግሞ ከበፊቱ ፈጥኖ ይደበዝዛል። መጥራቱ የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው፤ ዋናው ልባጡን መተካት ነው።

ምንም ነገር ሳትነካ አንድ ሙከራ አድርግ። መብራቱን በሳሙና አጥበህ፣ እርጥብ እንዳለ ቁመህ እየው። ውሃ ሲያገኝ ጥርት ብሎ ውስጡ ከታየህ ጉዳቱ የውጭ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይድናል። እርጥቡም ደብዛዛ ከሆነ ወይ ልባጡ ወፍራም ሆኖ ቀርቷል ወይ ችግሩ ከውስጥ ነው። ጥሩ ባትሪ በጎን አብርተህ ደግሞ ተመልከት፤ የመረብ መልክ ያላቸው ጥልቅ ስንጥቆች ካየህ እነሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብተዋልና በፍተጋ አይጠፉም፤ ክሊር ጥቂት ይደብቃቸው ይሆናል እንጂ መፍትሔው መቀየር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፣ ፕላስቲኩም ይቀዝቅዝ። የኮፈኑን፣ የፓራፋንጎውንና የፓራውልቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ድርብ ሸፍን፤ በአንድ ድርብ ብርጭቆ ወረቀቱ በስቶ ቀለሙን ይነካል። ባልዲ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምር፣ ወረቀቶቹንም አሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋቸው።

የመጀመሪያውን ቁጥር የሚወስነው የልባጡ ሁኔታ ነው። ልባጡ እየተላጠ ያለው ግራው 400 ወይም 500 ይፈልጋል፤ ቢጫ ብቻ የሆነውን ቀኙን 800 ላይ ጥግ ላይ ሞክረው፣ ካልነካው ወደ 600 ውረድ። ለስላሳ የስፖንጅ ድጋፍ ላይ ጠቅልለህ ፈትግ፤ በጣት ብቻ ከያዝከው ጣቶችህ ያረፉበት ቦታ ቦይ ይወጣል። ለምሳሌ 500ን ወደ ጎን፣ 800ን ከላይ ወደታች፣ 1000ን እንደገና ወደ ጎን አድርግ። አቅጣጫ የሚቀየረው ለቁንጅና አይደለም፤ የቀደመው ቁጥር ጭረት ጠፍቶ አዲሱ ብቻ መቅረቱን የምታየው በዚህ ነው።

ፍሳሹን ተመልከት። መጀመሪያ ቢጫማ፣ ሙጫነት ያለው ውሃ ይወርዳል፣ ወረቀቱም ይደፈናል። ያ ልባጡና የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው። ልባጡ ሲያልቅ ፍሳሹ ነጭ ይሆናል፣ ወረቀቱም ያለማንሸራተት እኩል መያዝ ይጀምራል። ነጭ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ቁጥር አትለፍ። ከዚያ አጥበህ አድርቅ። በደረቁ ፕላስቲኩ ከዳር እስከዳር አንድ ዓይነት ግራጫማ ነጭ መሆን አለበት። መሐሉ ላይ ጠርዛቸው የሚታይ የሚያብረቀርቁ ደሴቶች ካሉ የድሮው ልባጥ ቀርቷል፤ በጥፍር ስትሄድበት ደረጃው ይሰማሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ይተወዋል፤ ክሊር ሲነፋበት ያ ጠርዝ ለዘላለም ይታያል።

በእጅ ይሆናል ወይ ላልከው፦ ለፍተጋው አዎ። እንዲያውም ጠርዝና ኩርባ ላይ እጅ ይሻላል። ማሽን የሚጠቅመው ፖሊሹ ላይ ነው፤ ክሊር የምትነፋ ከሆነ ደግሞ ፖሊሽ ራሱ አያስፈልግህም።

ፖሊሽ_ቤት

ከላይ የተባለው ላይ በጨርቅ የሚቀባውን መንገድ ልጨምር፤ ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነውና።

ከ1000 በኋላ 1500፣ 2000 እና 3000 ይከተላሉ። ቁጥር አትዝለሉ። ከ600 ወደ 2000 የሚዘል ሰው ሰዓቱን ሁሉ አጥፍቶም የ600 ጭረት አይጠፋለትም፤ ፖሊሹ ያጠፋዋል ብሎ ማሰብ ደግሞ ስህተት ነው፣ ፖሊሽ ከ2000 በታች ያለውን ጭረት ያበራዋል እንጂ አያነሳውም። 3000 ላይ ሲደረስ ፕላስቲኩ ደርቆም በከፊል ያሳያል።

ከዚያ የፕላስቲክ ወይም የቀለም ኮምፓውንድ (ፈታጊ የፖሊሽ ቅባት) በፎም ፓድ። ለአንድ መብራት የአተር ፍሬ የሚያክሉ አራት አምስት ጠብታዎች ይበቃሉ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር፤ በድሪል ላይ የሚታሰር ትንሽ ፓድም ይሠራል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ አይቆም። ፖሊካርቦኔት ሙቀትን አያሰራጭም፣ ስለዚህ የፓዱ ሰበቃ የነካው ነጥብ ብቻ ይጋላል፤ ያኔ ኮምፓውንዱ ይጋገርና ላዩ ይጎፈንናል፣ ያ ደግሞ እንደገና ከ1500 መጀመርን ይጠይቃል። በየጊዜው በእጅ መዳፍ መንካት ጥሩ ነው፤ መዳፍ የማይችለው ከሆነ ይቁም።

ቀጥሎ ማጽዳት፦ አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹሕ ማይክሮፋይበር፣ ሁለት ጊዜ። የኮምፓውንድ ዘይት ከቀረ መከላከያው አይዝም። አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ግን ፕላስቲኩ አጠገብ አይድረሱ። ፖሊካርቦኔት ቀልጦ ሲቀረጽ በውስጡ የቀረ ውጥረት አለው፤ እነዚህ ሲነኩት በዚያ ውጥረት መስመር ይሰነጠቃል።

በጨርቅ የሚቀባው መከላከያ በአንድ አቅጣጫ፣ ከዳር እስከዳር በአንድ እስትንፋስ ይሳባል፤ ቀጣዩ መስመር የፊተኛውን ሩብ ያህል ይደርባል። ወደ ኋላ ተመልሶ መነካካት የለም። ቶሎ መድረቅ ስለሚጀምር የተነካካው ቦታ መስመር ሆኖ ይቀራል። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ተራ ሰም በሳምንታት ይጠፋል፤ ጥሩ በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ይሄዳል። ሃርድነር (የሚቀላቀልበት ማጠንከሪያ) ያለው ክሊር ከሁሉም ይበልጣል፣ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። ሌላው አማራጭ ግልጽ መከላከያ ፊልም ነው፤ ፖሊሽ ከተደረገ በኋላ በሳሙና ውሃ ይለጠፋል፣ ሲያረጅ ተነስቶ ይቀየራል፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክም አይነካም። ኩርባው የበዛ መብራት ላይ ግን ያለ ሙቀት አይገጥምም፣ ጥግ ላይም ይነሳል።

ባለሴዳን

እጅግ አመሰግናለሁ። ለግራው ክሊር ይሻለኛል መሰለኝ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት እንዲሆን ቀኙንም እዚያው አደርገዋለሁ። አነፋፉን በዝርዝር ብትነግሩኝ? በቆርቆሮ የሚሸጠው ስፕሬይ ይበቃል?

ቀለም_ክፍል

ስፕሬይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብቻውን የሚደርቅ ተራ ክሊር ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ፀሐይም ቶሎ ያነሳዋል፤ ለመብራት አይመከርም። ሁለተኛው ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ቁልፍ በመጫን ሃርድነሩ ውስጡ የሚለቀቅለት ነው። ይህ ከተቀላቀለ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አይተህ በዚያው ቀን ጨርሰው። መጭመቂያና መንፊያ ካለህ ደግሞ የመኪና ክሊር በራሱ ሃርድነር ይሻላል። መጠኑ እንደ ምርቱ ነው፤ 4 ለ 1 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ክሊር ላይ 25 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ማለት ነው፣ 2 ለ 1 ከሆነ 50። በዓይን አትገምት፣ ምልክት ባለው ኩባያ ለካ። ሃርድነር ሲያንስ ክሊሩ ለስላሳ ይቀራል፤ ሲበዛ ተሰባሪ ይሆናል። ለሁለቱም መብራት የተቀላቀለው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ከመንፋትህ በፊት አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ከዚያ አቧራ የሚያነሳ ጨርቅ። በጣት አትንካው። የጎማ ማብሪያ ወይም ሲሊከን ያለበት ነገር አካባቢው ላይ ተነፍቶ ከነበረ ክሊሩ ከትንንሽ ነጥቦች እየሸሸ ክብ ቀዳዳ ይሠራል፤ ያ ከታየ ደርቆ በ1000 ተፍቆ እንደገና ከመነፋት በቀር ማዳኛ የለውም።

የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፣ ጤዛ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፍን። ምክንያቱ ክሊር ውስጥ ያለው ቲነር ነው፤ ወፍራም ሆኖ ካረፈ ፖሊካርቦኔቱን ይነክሰዋል፣ ከሥር የሚታየው ጥቃቅን ስንጥቅም ከዚያ ይመጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተህ ሁለተኛውን እርጥብ አድርገህ ንፋ፣ ከሌላ 10 ደቂቃ በኋላ ሦስተኛውን። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። ከፕላስቲኩ ውጭ ጀምረህ ከፕላስቲኩ ውጭ ጨርስ፤ እጅህ መሐል ላይ ከቆመ ይፈስሳል። የ1000 ጭረት እርጥቡ ዙር ሲያርፍበት ዓይንህ እያየ ይጠፋል፤ ክሊሩ ጭረቱን ስለሚሞላውና ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ለፕላስቲኩ ስለሚቀርብ ነው። ስታጥበው እርጥቡን ያየኸው ጥራት ከክሊር በኋላ የምታገኘው ጥራት ነው።

ዝናባማ ወይም ቀዝቃዛ ቀን አትምረጥ። እርጥበት ሲበዛ ክሊሩ ነጭ ጭጋግ ይይዛል። 20 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ፕላስተሩን ክሊሩ ገና ለስላሳ እያለ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ራሱ አጥፈህ በቀስታ ሳበው፤ እስኪደርቅ ከጠበቅህ ጠርዙን ይዞት ይነሳል፣ ውሃም የሚገባው በዚያ ነው። ለአንድ ሳምንት በግፊት ውሃ አታሳጥበው።

መፍታት ግድ አይደለም፣ ለመንፋት ግን መፍታት ይሻላል፤ ጠርዙ ሁሉ ይገኛል፣ ትርፍ ብናኙም መኪናው ላይ አያርፍም። ከፈታህ የኋላውን የአምፖልና የአየር ቀዳዳ በፕላስተር ዝጋ፣ አለዚያ የፍተጋው ውሃ ውስጥ ይገባል። ካልፈታህ የመኪናውን ፊት በሙሉ፣ መስተዋቱን ጨምሮ፣ በላስቲክ ሸፍን። የክሊር ብናኝ ከሚታሰበው በላይ ይርቃል።

ፖሊሽ_ቤት

አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ የለበትም። ሃርድነር ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል አለ። የወረቀት አፍ መሸፈኛ ምንም አያደርግለትም። ለኬሚካል ጋዝ የሚሆን የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭንብል፣ ጓንትና መነጽር፣ ቦታውም ክፍት አየር ያለው። አንዴ ሰውነት ከተቆጣው በኋላ ጥቂት ትንፋሹ እንኳ አስም ሊያስነሳ ይችላል። ይህንን ማሟላት የማይችል ሰው ክሊሩን ለቀለም ቀቢ ይስጥ ወይም በጨርቅ የሚቀባውን ይጠቀም። በዚህ ላይ ከቀለም_ክፍል ጋር እንለያያለን፤ ቤቱ ጓሮ ለሚሠራ ሰው ክሊርን አልመክርም።

ቀለም_ክፍል

በጭንብሉ ላይ ልዩነት የለንም። ልባጡ ተልጦ ላለቀ ፕላስቲክ ግን በጨርቅ የሚቀባው በየዓመቱ መመለስ ማለት ነው፤ በተመለሱ ቁጥር ደግሞ ፕላስቲኩ ይሳሳል። የቀኙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንተ ጋር እስማማ ነበር።

ማሳና_ሪሌ

ማታ ብርሃኑ ደካማ ነው ላልከው፣ ፕላስቲኩ ጠርቶም ላይሻሻል ይችላልና ከመድከምህ በፊት ሌላውን አረጋግጥ።

የአምፖሉን ክዳን ከፍተህ በቀዳዳው ወደ አንጸባራቂው ተመልከት። ብር የመሰለው ግድግዳ በቫኩም የተለበጠ እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። ቡናማ ከሆነ፣ ከተፈረፈረ ወይም ከአምፖሉ በላይ ያለው ክፍል ግራጫ ከሆነ የሚመለስ ብርሃን የለም፤ የውጩ ፕላስቲክ መስተዋት ቢሆንም ጥቅም የለውም፣ መብራቱ ይቀየራል። በጨርቅ ለማጽዳት አትሞክር፤ አሉሚኒየሙ ከጨርቁ ጋር ይነሳል። አንጸባራቂውን ከሚያቃጥሉት አንዱ ከተፈቀደው በላይ ዋት ያለው አምፖል ነው። ኤች4 የሚባለው ረጅምና አጭር መብራት በአንድ ላይ የያዘ አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ 100/90 ሲገባበት ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ሙቀቱም ከውስጥ ፕላስቲኩን ይመታዋል።

አንጸባራቂው ደህና ከሆነ ቮልቴጅ ለካ። ሞተሩ ሥራ ላይ፣ መብራቱ በርቶ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ከዚያ በቀጥታ የአምፖሉ እግሮች ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መንገድ ላይ የሚበላው አለ። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማሳው (ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው መስመር) ነው፦ የዛገ ብሎን፣ ቀለም ላይ የታሰረ ተርሚናል። መለኪያህን አንዱን እግር ባትሪው ማሳ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ማሳ እግር ላይ አድርግና መብራቱን አብራ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበብክ ዝም ብለህ አትለፈው፣ ፈተህ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። ማሳው ደህና ሆኖ ከቀነሰ የድሮ መኪኖች ሙሉውን ጅረት በማብሪያው ስለሚያሳልፉ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ታዝዞ ትልቁን ጅረት የሚያገናኝ ማብሪያ) አስገባለትና ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በፊውዝ ቀጥታ ስጠው።

መብራቱን የምትፈታ ከሆነ ደግሞ ከመፍታትህ በፊት ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ የብርሃኑን የላይኛ ጠርዝ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ስትመልሰው እዚያው ይምጣ። ምልክት ካልነበረህ የተለመደው የ1 በመቶ ዝቅታ ነው፤ 10 ሜትር ላይ ጠርዙ ከመብራቱ መሐል ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የጠራ መብራት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

አዲስ_ገቢ

የትንኝ ስፕሬይ በአንድ ደቂቃ ያጠራል የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። እውነት ነው?

ፖሊሽ_ቤት

ያጠራል፣ ችግሩም እዚያው ነው። ውስጡ ያለው ዲት የሚባል ትንኝ ማባረሪያ ኬሚካል የፕላስቲኩን ላይ ያሟሟል፣ የሟሟው ገጽ ለጊዜው ጭረቱን ስለሚሞላ ያበራል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነጣል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ጠብታው ኮፈኑ ላይ ካረፈ ቀለሙንም ያለሰልሰዋል። ዘይትነት ያላቸው ማለስለሻዎችም ያው ናቸው፤ ጭረቱን በዘይት ሞልተው ያሳዩሃል፣ ከሁለት እጥበት በኋላ የሉም።

ባለሴዳን

የውሃውን ሙከራ አደረግኩት። ቀኙ እርጥቡን ጥርት ይላል። ግራው ከላይ በኩል ይጠራል፣ ከታች ጥጉ ላይ ግን ነጭ ጭጋግ ቀርቷል፣ ጠብታም ይታያል። ክሊር ልንፋ ወይስ?

ማሳና_ሪሌ

ክሊሩን አቆየው። ከዝናብ በኋላ የሚታይ ስስ ጭጋግ መብራቱ ሲበራ በጥቂት ጊዜ ከጠፋ ችግር የለውም፣ መብራቱ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ስላለው ነው። ጠብታ ሆኖ ከሥር የሚጠራቀም ውሃ ግን የሚገባበት አለው። የኋላውን የጎማ ክዳን፣ የአየር ቱቦውን፣ ከዚያ ፕላስቲኩና ቤቱ የተጣበቁበትን መስመር ፈትሽ። አምፖሉን አውጥተህ በቀዳዳው ለብ ያለ አየር ንፋበት፤ የሚያቃጥል አየር አይሁን። ከደረቀ በኋላ ነጭ ዱካ ከቀረ በተጣራ ውሃ አለቅልቀህ ገልብጠህ አድርቀው፣ አትፈትገው። ፕላስቲኩን ከቤቱ ነቅሎ መክፈት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ በሙጫ የተዘጋው በሙቀት ይለቃል፣ አንዳንዱ ግን የማይለቅ ማጣበቂያ ስላለው ሲከፈት ይሰበራል።

ቀለም_ክፍል

የሚገባበትን ሳትዘጋ ከነፋህ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። ዝጋ፣ አድርቅ፣ አንድ ዝናብ ወይም አንድ እጥበት አሳልፈህ አረጋግጥ። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ኩባያ የተቀላቀለ ክሊር ንፋቸው፤ ለየብቻ ከተሠሩ አንጸባራቂነታቸው አይገጥምም።